ስትሰማ እዩዋት፦ ከጅማ ሆኜ ስለ ሩት ነጋ

ፊልሙ የሚጀምረው በአንዲት ወጣት ሴት ፊት ነው። መሽቷል፤ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጨለማው ውስጥ የፌንጣ ድምፅ ይሰማል። ካሜራው ፊቷ ላይ ቆሞ አይነቃነቅም። የሆነ ነገር ልትናገር እንደሆነ ገና ከንፈሯ ሳይላቀቅ እናውቃለን። በመጨረሻ «አርግዣለሁ» ትላለች። አጠገቧ ያለው ሰው ወዲያው አይመልስላትም። መልሱ እስኪመጣ ድረስ አንድም ቃል አትጨምርም፤ እጇን አታወናጭፍም፤ አታለቅስም። ትጠብቃለች። ፍርሃቱ፣ እፍረቱ፣ «ደስ ይለው ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ተራ በተራ ፊቷ ላይ ሲያልፉ እናያለን። ከዚያ ሰውዬው ፈገግ ይላል። «ጥሩ» ይላል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ላቪንግ» ነው። ሴቲቱን ሆና የምትጫወተው አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ ናት። ይህን ትዕይንት ብቻዬንም ከተማሪዎቼም ጋር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ስለ ሩት ነጋ ባወራሁ ቁጥር ወደዚህ ዝምታ እመለሳለሁ። ይህች ተዋናይት ከሁሉም በላይ የምትበልጠው ሌላው ሰው ሲናገር ነው ብዬ አምናለሁ። አሰማሟ ላይ።

አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ናቸው፤ የተዋወቁት እዚሁ አገራችን ሆስፒታል ውስጥ ሲሠሩ ነው። ልጅቷ የተወለደችው በደርግ ዘመን፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አራት ዓመት ሲሆናት ሊመሪክ ወደምትባል የአየርላንድ ከተማ ሄደች። ሰባት ዓመት ሲሆናት አባቷ በመኪና አደጋ ሞተ። ሁለተኛ ደረጃን ለንደን ተማረች፤ ኋላም ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብታ ትወና አጠናች።

እኛ ጅማ ሆነን ይህን የቤተሰብ ታሪክ ስንሰማ ሩቅ አይሆንብንም። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ከተከፈተ ጀምሮ፣ በኋላም ከግብርናው ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ከተማችን ሐኪምና ነርስ እያሠለጠነች የምትልክ ከተማ ናት። ከነሱ ስንቱ ውጭ አገር እንደሄደ፣ ስንቱ ልጅ ከአንዱ ወላጁ ጋር ብቻ እንዳደገ፣ እዚህ ሰፈር ለሰፈር የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ሩት ነጋን ሳስብ ኦስካር ላይ የለበሰችው ቀሚስ ከመታወሱ በፊት የሌሊት ተረኛ እናት ያላት ልጅ ትታየኛለች። ዝምታዋን ከአባቷ ሞት ጋር አያይዞ መጻፍ ግን ቀላል ነው፤ እኔ አላደርገውም። ኀዘን ብቻውን ተዋናይ አያደርግም። የሷ ዝምታ ተምራው፣ ለዓመታት ሠርታበት ያገኘችው ሙያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ለምርጥ ተዋናይት ኦስካር ስትታጭ ፎቶዋ በየስልኩ ዞረ። «የኛ ልጅ» ተባለች። አብረዋት የታጩት ሜሪል ስትሪፕ፣ ኢዛቤል ኡፔር፣ ናታሊ ፖርትማንና ኤማ ስቶን ነበሩ፤ ሽልማቱን የወሰደችው ኤማ ስቶን ናት። ሩት በዚያ ምሽት ቀይ ቀሚሷ ላይ ሰማያዊ ሪባን አድርጋ ነበር። ሪባኑ የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት ምልክት ነው፤ ፊልሙ የሚተርክላቸውን ባልና ሚስት ፍርድ ቤት ቆመው የተከራከሩላቸው የዚያ ድርጅት ጠበቆች ነበሩ። ይህችን ትንሽ ነገር የማነሳው፣ ያን ሰሞን ከፎቶው ስር ከተጻፈው ብዙ ነገር መካከል ስለ ሥራዋ የሚያወራ ፈልጌ በጣም ጥቂት ስላገኘሁ ነው። ደሟ ተነሳ፣ ስሟ ተነሳ፣ ቁንጅናዋ ተነሳ። ደስታው ደስታዬ ነው፤ የኛ ማለትም ኩራት ነው። ሰውን የኛ ካልን ግን ሥራውን ቁጭ ብለን ማየት ይገባናል። አንዲት ተዋናይት ዕድሜዋን የሰጠችው ለሥራዋ ነው፤ የምታስረክበንም እሱኑ ነው።

እኔ ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ከክፍል ውጪ ደግሞ የድራማ ክበቡን እይዛለሁ። የጅማን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እንደ ሌላው አገር ክረምቱን ጠብቆ አይመጣም፤ ዓመቱን አጋምሶ ይወርዳል። የምንለማመድበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ዝናቡ ሲጀምር ፊት ለፊት የቆመ ሰው የሚናገረው አይሰማም። ልጆቹ ይጮኻሉ። እኔም «ድምፅ! ድምፅ ጨምሩ!» እላለሁ። ሲጮኹ አንገታቸው ይገተራል፣ እጃቸው አብሮ ይነሳል፣ ዓይናቸው ይፈጣል። አንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ሌላው የራሱን ቃለ ተውኔት በሆዱ እየደገመ ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ እሱም ይጮኻል። ደረቅ ቀን ሲመጣ ጩኸቱ አብሮ አይሄድም። ለምዶባቸዋል። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሚኒ ሚዲያ በሚያዘጋጀው ድራማ ላይም እንዲሁ ነው፤ ሜዳ ሙሉ ተማሪ ተሰልፎ፣ ማይኩ እየጮኸ፣ ከኋላ ያለው እንዲሰማ ተብሎ።

ይህ የኛ ክበብ ብቻ ችግር አይደለም። የአገራችን ትወና ያደገው መድረክ ላይ ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የምንለው አዳራሽ በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ቴሌቪዥን የመጣው በ1957 ዓ.ም. ነው። ካሜራ ፊት የቆሙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎቻችን የመድረክ ሰዎች ነበሩ፤ የመድረክ ሰው ደግሞ መጨረሻው ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው መድረስ አለበት። እኒያ ሰዎች ያለ ማይክ አዳራሽ ያነቃነቁ ባለሙያዎች ናቸው፤ ለነሱ ያለኝ ክብር ትልቅ ነው። አስናቀች ወርቁን ያሰበ ሰው ይህን ያውቃል፤ ክራር ይዛ ስትዘፍን፣ መድረክ ላይ ስትተውን፣ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን ፊቷን አቁማ የቆመች ሴት ናት። ከሷ ቀደም ባለው ጊዜ የሴቶቹን ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ።

ነገር ግን ካሜራ ሌላ ነገር ነው። ካሜራ ከፊትህ ስንዝር ርቀት ላይ ቆሞ ሳለ ለመጨረሻው ወንበር መጮህ አያስፈልግም። የዛሬዎቹ ተከታታይ ድራማዎቻችን ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረኝ ይህ ነው። አንዷ ስትናገር ሌላዋ አትሰማም። ተራዋን ትጠብቃለች። ደግሞ ዝምታ የሚያስፈራ ይመስል ወዲያው ሙዚቃ ይገባል፤ ማዘን ካለብን ሙዚቃው ይነግረናል፣ መደንገጥ ካለብን ሙዚቃው ይነግረናል። ችሎታ ያላቸው ተዋንያን አሉን፤ ዝም የሚሉበት ጊዜ ግን አልተሰጣቸውም።

ወደ «ላቪንግ» ልመለስ። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ሚልድረድና ሪቻርድ ላቪንግ ቨርጂኒያ ውስጥ ያደጉ የአንድ አካባቢ ልጆች ነበሩ። እሱ ነጭ፣ ግንበኛ፤ እሷ ከአፍሪካውያንና ከአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች የምትወለድ። የቨርጂኒያ ሕግ እንዲህ ያለውን ጋብቻ ስለሚከለክል እ.ኤ.አ. በሰኔ 1958 ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የአካባቢው ሸሪፍ በሌሊት መኝታ ቤታቸው ገብቶ ያዛቸው። የጋብቻ ወረቀታቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ሸሪፉ እዚህ አገር አይሠራም አላቸው። ዳኛው አንድ ዓመት እስራት ፈረደባቸው፤ ከቨርጂኒያ ወጥተው ለ25 ዓመት አብረው ካልተመለሱ ግን እስራቱ ይቀራል አለ። ወጡ። ዋሽንግተን ገቡ። ሚልድረድ ከተማውን አልወደደችውም፤ ልጆቿ ሣር ላይ እንዲሮጡ ትፈልግ ነበር። በኋላ ለፍትሕ ሚኒስትሩ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች። ያ ደብዳቤ ነው ጠበቆቹን ያመጣው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ወሰነላቸው፤ በመላው አሜሪካ እንዲህ ዓይነት ጋብቻ የሚከለክሉ ሕጎች ወደቁ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ይዞ ፊልም የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የችሎቱን ትዕይንት ነው፤ ጠበቃው ቆሞ ንግግር ሲያደርግ፣ ዳኞቹ ሲያዳምጡ፣ ሰው ሲያለቅስ። ዳይሬክተሩ ጄፍ ኒኮልስ ይህን አብዛኛውን ተወው። ባልና ሚስቱ ራሳቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳያቸውን ሲሰማ አልተገኙም፤ ፊልሙም ከነሱ ጋር ቤት ቀረ። ስለዚህ የአሜሪካን ሕግ የቀየረው ትልቁ ነገር ሁሉ ወደኛ የሚደርሰው ወጥ ቤት ውስጥ ስልክ ይዛ በቆመች ሴት ፊት በኩል ነው።

የስልኮቹ ትዕይንቶች ለኔ የዚህ ሰፊ ፊልም ልብ ናቸው። ጠበቃው ይደውላል። ሩት ነጋ በአጫጭር ቃላት ትመልሳለች። ሰው ሲናገር በእውነት የሰማ ሰው ምን እንደሚሆን አስተውሉ፤ ቃሉ ጆሮው ላይ በደረሰበት ቅጽበት ፊቱ አይቀየርም። ትንሽ ይዘገያል። መጀመሪያ ቃሉ ይገባል፣ ከዚያ ትርጉሙ ይገባል፣ ከዚያ ሰውነቱ ይመልሳል። መጥፎ ትወና ላይ ሦስቱም አንድ ላይ ይሆናሉ። ሩት ነጋ ሦስቱንም ለየብቻ ታሳየናለች። ዓይኗ መጀመሪያ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ትንፋሿ ይለወጣል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ከአፏ ጫፍ አካባቢ የሆነ ነገር ይጀምራል፤ ፈገግታ ነው ለማለት ግን ገና ነው። ይህን ሁሉ የምታደርገው ሳትናገር ነው። ስለ እነዚህ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ዘጋቢ ፊልም አለ፤ የእውነተኛዋ ሚልድረድ ድምፅና ምስል እዚያ ውስጥ ይገኛል። ሩት ያን አጥንታለች። እውነተኛዋ ሚልድረድ ለስለስ ያለች፣ ቃል የምትቆጥብ፣ ግን ከያዘችው ነገር የማትለቅ ሴት ነበረች። ሩት ለስላሳነቱን ይዛ ጥንካሬውን ከስሩ አኖረችው።

ይህን ካየሁ በኋላ ክበቡ ውስጥ አንድ ልምምድ ጀመርን። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዱ የደረሰበትን ነገር ይናገራል፤ ሌላው ይሰማል፤ የቀረነው ደግሞ የሚናገረውን ትተን የሚሰማውን ብቻ እናያለን። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ሲሰሙ «ይተውኑ» ነበር፤ ዓይናቸውን ማፍጠጥ፣ ጭንቅላት መነቅነቅ፣ እጅን አፍ ላይ መጫን። «ቲቸር፣ ምንም ካላደረግኩ እንደማልሰማ አይመስልም?» አለኝ አንዱ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱን ከላፕቶፑ ላይ አሳየኋቸው፤ ያችን በረንዳ ላይ የተቀመጠች ሴት። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ባትሪው እስኪያልቅ ደጋግመን አየናት።

በዚያ ልምምድ ላይ ከሁሉ የበለጠችው እስከዚያ ድረስ ማንም ሚና ሰጥቷት የማያውቅ ልጅ ናት። ከከተማው ውጪ ካለ ገጠር የመጣች፣ ከእህቷ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ቅዳሜ ሄዳ ስንቅ ይዛ የምትመለስ ልጅ። ቤት የምትናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛዋ ሙሉ ነው፤ ግን ድምፀቱ የአገሯ ነው። ክበቡ ውስጥ ልብስ ማዘጋጀት፣ ወንበር ማመላለስ የሷ ሥራ ሆኖ ቆይቷል፤ አንዴ መድረክ ላይ ወጥታ ስትናገር የሳቁባት ልጆች ነበሩና። እንድትሰማ ሲሰጣት ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። የሚናገረው ልጅ ራሱ እያየችው እንደሆነ ሲገባው ድምፁን ቀነሰ። ሩት ነጋ ከዚህች ልጅ የምትለየው ሠልጥና መሆኗ ነው።

የድምፀት ነገር ከተነሳ ልቆይበት። ጅማ ብዙ ቋንቋ የሚሰማባት ከተማ ናት። መርካቶ ገብታችሁ ስትዞሩ አፋን ኦሮሞው፣ አማርኛው፣ ዳውሮኛው፣ ካፊኛው፣ የምኛው በአንድ ጊዜ ጆሯችሁ ይገባል። ልጆቻችን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ አያስተውሉትም። የድራማ ክበብ ውስጥ ሲገቡ ግን አንድ ነገር ይሆናሉ፤ ሁሉም የአዲስ አበባን አማርኛ፣ ያውም ቴሌቪዥን ላይ የሚሰሙትን፣ ለመናገር ይታገላሉ። የጅማ ልጅ በገዛ ድምፁ ተናግሮ ዶክተር ወይም ጠበቃ መሆን የማይችል ይመስለዋል፤ የአገሩን ድምፀት የሚያስቀምጠው ሰው ለማሳቅ ለሚገባው ገጸ ባሕርይ ብቻ ነው። ይህን ያስተማራቸው የሚያዩት ድራማ ነው።

ሩት ነጋ በቃለ መጠይቅ ላይ ስትናገር የአየርላንድ ድምፀቷ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። «ላቪንግ» ላይ የቨርጂኒያ ገጠር ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 ቢቢሲ በሠራው የቴሌቪዥን ፊልም ላይ ከዌልስ የተነሳችውን ዘፋኝ ሸርሊ ባሲን ሆና ተጫወተች፤ ለዚያ ሥራዋ የአየርላንድን የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት አግኝታለች። ከሚናው ስትወጣ ወደ ራሷ ድምፅ ትመለሳለች። ለልጆቹ ማሳየት የምፈልገው ይህን ነው፤ የሌላን ሰው አነጋገር መልበስ ሙያ ነው፣ በራስ ማፈር ግን ሙያ አይደለም።

«ፓሲንግ» የተባለውን ፊልም ሳይ ደግሞ ነገሩ ከበደኝ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1929 ከወጣ ልብ ወለድ የተሠራ ነው፤ ዳይሬክተሯ ሬቤካ ሆል ናት፤ በ2021 ወጣ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ምስሉም እንደ ድሮ ፊልም ጠበብ ያለ ነው። ሩት ክሌርን ትጫወታለች፤ መልኳ ነጣ ያለ በመሆኑ ነጭ መስላ የምትኖር፣ ጥቁሮችን የሚጠላ ነጭ ባል ያገባች፣ ማንነቷን ከባሏ የደበቀች ሴት። የልጅነት ጓደኛዋን ስታገኝ ወደተወችው ዓለም መመለስ ያምራታል። እዚህ ፊልም ላይ ሩት ትናገራለች፣ ትስቃለች፣ ክፍል ስትገባ ሁሉም ዞሮ ያያታል። ነገር ግን የሳቋን መጨረሻ ተመልከቱ። ሳቁ ካለቀ በኋላ ፊቷ ላይ የሚቀር ትንሽ ጊዜ አለ፤ ማን እንዳያት የምትፈትሽበት። ያን ጊዜ ካላያችሁት ሴቲቱ ደስተኛ ናት ትላላችሁ። በዚህ ሥራዋ ባፍታ ለተባለው የእንግሊዝ የፊልም ሽልማት ታጭታለች።

የአሜሪካ የዘር ታሪክና የኛ የአነጋገር ነገር አንድ አይደሉም፤ አንድ ናቸው ማለት ያን የደም ታሪክ ማቅለል ነው። ነገር ግን ከጅማ አዲስ አበባ ሄዶ በወራት ውስጥ አነጋገሩን የቀየረ፣ ከቤት ሲደወልለት ጓደኞቹ እንዳይሰሙት ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ የሚወጣ ወጣት አውቃለሁ። ክሌርን ሳይ የታወሰኝ እሱ ነው። የሩት ነጋ ትወና የራቀውን ሰው እዚህ ያመጣል የምለው ለዚህ ነው።

ሁሌም ዝምተኛ ሴት ትጫወታለች ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ «ፕሪቸር» የተባለውን ተከታታይ ይመልከት። ከ2016 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ለአራት ምዕራፍ ቱሊፕ የተባለችውን ሴት ተጫውታለች። ገና ስትገባ በሚሮጥ መኪና ውስጥ ከወንድ ጋር ትደባደባለች፤ ከዚያ የመንደር ልጆች ሰብስባ ከቆርቆሮ ጣሳ ባዙቃ ትሠራለች። እኔ የዚህ ዓይነት ፊልም ወዳጅ አይደለሁም፤ ደም ይበዛበታል። ተማሪዎቼ ግን ወደዱት፤ በተለይ ልጃገረዶቹ። ያው ፊት፣ ያው ዓይን፣ ፍጹም ሌላ ሰው። አንዷ «ይህቺ ያቺ ናት?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

ሌላው ልጆቹ እንዲያውቁት የምፈልገው የሥራዋን ርዝመት ነው። ዛሬ አንድ አጭር ቪዲዮ ስልክ ላይ ለቅቆ በማግስቱ ታዋቂ መሆን የሚፈልግ ልጅ ብዙ ነው። ሩት ነጋ ኦስካር ከመታጨቷ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ፊልም ላይ ዳይሬክተሩ ኒል ጆርዳን ችሎታዋን አይቶ ሚናውን ለሷ እንዲሆን ቀየረላት። ከዚያ በኋላ የአየርላንድና የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማዎች፣ ትንንሽ ሚናዎች፣ መድረክ። «የአሥራ ሁለት ዓመት ባርነት» ተብሎ በሚታወቀው ፊልም ላይ ተቀርጻ ነበር፤ ፊልሙ ሲቆረጥ የሷ ክፍል ወጣ። ፊልሙ ኦስካር ሲወስድ እሷ ውስጡ አልነበረችም። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ውስጥ ያለው ስሜት ይቀየራል። ሥራ ልፋት እንዳለበት ከእናት ከአባታቸው ስለሰሙ አይገርማቸውም ብዬ ነበር፤ ይገርማቸዋል።

መድረክን አልተወችም። ይህ ከምንም በላይ ያስደስተኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 የእንግሊዝ ብሔራዊ ትያትር «ሐምሌት»ን ሲያሳይ ኦፊሊያን ተጫወተች፤ የምትወደውን ሰው፣ አባቷን፣ በመጨረሻም አእምሮዋን የምታጣዋን ልጅ። በ2018 ደብሊን ጌት ትያትር ላይ ሐምሌትን ራሱን ሆነች። ልዑሉን። በኋላ ኒውዮርክም ወስደው አሳዩት። በ2022 በኒውዮርኩ የትያትር ሰፈር ብሮድዌይ ከዳንኤል ክሬግ ጋር ሌዲ ማክቤዝን ተጫውታ ቶኒ ለተባለው የአሜሪካ የትያትር ሽልማት ታጨች። ሁለቱም ተውኔቶች ለኛ እንግዳ አይደሉም፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሐምሌት»ንም «ማክቤዝ»ንም በአማርኛ አቁሟቸዋል። ድሮ ወንዶች የሴት ቀሚስ ለብሰው በሚጫወቱበት አገር የምኖር ሴት ነኝና፣ አዲስ አበባ የተወለደች ሴት የልዑሉን ሚና ይዛ ስትወጣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ለወላጆች ቀን ከሐምሌት የተወሰኑ ትዕይንቶች ለማቅረብ ወሰንን። ሐምሌትን ለዚያች ከገጠር ለመጣችው ልጅ ሰጠኋት።

አባቷ መጣ። ቅዳሜ ገበያ ውሎ፣ ነጠላ ጫማው ጭቃ ይዞ፣ ኮፍያውን አውልቆ። «መምህርት፣ ልጄ አዝማሪ ልትሆን ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ» አለኝ። አልተቆጣም፤ ጨንቆታል። ጎረቤት የነገረውን፣ ወንድሙ ያለውን፣ ልጅቱን ለማስተማር ከቡናው ሽያጭ በየዓመቱ ስንት እንደሚያወጣ ነገረኝ። እስኪጨርስ ሰማሁት። ከዚያ ልምምዱን ቁጭ ብሎ እንዲያይ ጠየቅኩት። አየ። ሴት ልጁ የአባቱን ሞት የተረዳውን ልዑል ሆና ቆማ፣ ከመናገሯ በፊት ያለውን ጊዜ ስትወስድ አየ። ሲሄድ ስለ ትያትር አላነሳም፤ ፈተናዋ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ከፈተናው በፊት ከሆነ እንዳይበዛባት አደራ አለኝ። አደራውን ተቀብያለሁ፤ ልምምዱ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ልጅቷ አንድ ጥያቄ ነበራት። «ቲቸር፣ አነጋገሬን ልቀይረው?» አለችኝ። ቃሉ አንድም ሳይጎድል የጸጋዬ ሆኖ ይቀራል፤ ከባድ ነው፣ ግጥም ነው፣ እያንዳንዱ ስንኝ ጥርት ብሎ መሰማት አለበት። ይህ ሥራ ነው፣ እንሠራበታለን። ድምፀቷን ግን እንዳትነካው ነገርኳት። የጅማ ልዑል ይሆናል። በዝናብ ቀን ከሆነም ትያትሩን ከክፍሉ አውጥተን ኮርኒስ ያለው አዳራሽ ለመከራየት ክበቡ ብር እያዋጣ ነው፤ ዝምታው እንዲሰማ።

ሆራሺዮ ግን ገና አልተመረጠም። የሐምሌት ጓደኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቆሞ የሚሰማ ሰው። ሁለት ወንዶች እየሞከሩ ነው፤ አንደኛው ድምፁ ያምራል፣ ሁለተኛው ቃሉን ቶሎ ያጠናል። የምመርጠው እሷ ስትናገር የሁለቱንም ፊት እያየሁ ነው።